የካሜራውን ቬትሪኖ ከመለወጣችሁ በፊት

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ፓርቲታ ኢቫ፣ ስለ ፐርሜሶ እድሳትና ስለ ኢንፕስ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ከፖስታ ቴምብር ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ስስ መስታወት እናወራለን። ነገሩ ከገንዘብ የራቀ ቢመስልም አይደለም። አንድ ወገናችንን ከ2000 ዩሮ ዕዳ ያዳነች መስታወት ናትና።

እኚህ ወገናችን በካስትሮ ፕሬቶሪዮና በተርሚኒ ጣቢያ መካከል ካሉት መንገዶች በአንዱ ላይ አነስተኛ ሱቅ አላቸው። የስልክ ካርድ፣ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ፤ በሱቁ ጥግ ደግሞ ለፐርሜሶና ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ያነሳሉ። ቅዳሜና እሁድ ክርስትናና ሠርግ አለባቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስትን ስላለፈ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። በጥምቀት ሰሞን ወደ ቢሮዬ መጡና ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አንደኛው የአዲስ ሚረርለስ ካሜራ ፕሬቬንቲቮ ነው፤ 2000 ዩሮ፣ በ24 ወር የሚከፈል። ሁለተኛው በእጃቸው የጻፉት ማስታወሻ ሲሆን፣ ለአንድ የክርስትና ቤተሰብ 200 ዩሮ መመለሳቸውን ይገልጻል። ምነው ብላቸው፣ «ልጁ ከውሃው ሲወጣ ባነሳሁት ሁሉ የቄሱ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጁ ፊት ግን ደብዝዟል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይህን ካሜራ ብገዛ ከታክስ ላወርደው እችላለሁ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ለታክሱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ያሳሰበኝ የቄሱ ጢም ነው። እኔ ሒሳብ አዋቂ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ሆኖም በላ ሳፒየንዛ ስማር የቤት ኪራዬን የከፈልኩት ሠርግ እያነሳሁ ስለነበር፣ ካሜራ ሲያጠፋና ሰው ሲያጠፋ ለመለየት እሞክራለሁ። ጋሼ የሚሠሩት በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ነው፤ ያገለገለ ገዝተው። ሌንሳቸው ግን ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት፣ በእጅ የሚዞረው የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር፣ ዲያፍራሙ ኤፍ/1.4 ነው። በአዳፕተር ገጥመውታል። ቀድሞ ይኸው ሌንስ በኒኮን ኤፍኤም2 ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ፎከስ ስተው አያውቁም። ታዲያ ዓይናቸው ነው፣ ሌንሱ ነው፣ ወይስ ካሜራው?

ይህን ለመመለስ መስታወቷ የምትሠራውን ማወቅ ያሻል። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ትልልቆቹ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ባለ ሦስት እግሩን የእንጨት ካሜራ የሚያስተካክለውን ፎቶ አንሺ ታስታውሱ ይሆናል። ጨርቁ ውስጥ ሆኖ የሚመለከተው፣ በጭጋጋማ መስታወት ላይ ተገልብጦ ያረፈውን ምስል ነበር። ሬፍሌክስ በምንለው ካሜራ ውስጥም ያቺው መስታወት አለች። በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ በተጋደመ መስታወት ተመትቶ ወደ ላይ ይወጣና በእርሷ ላይ ያርፋል፤ ከበላይዋ ያለው ፕሪዝም ምስሉን አቃንቶ ለዓይናችን ያደርሰዋል። ጣሊያኖቹ ቬትሪኖ ይሏታል፤ እኛም እንዲሁ እንበላት። ቬትሪኖዋ ከሌንሱ ያላት ርቀት፣ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ከሌንሱ ካለው ርቀት ጋር ፍጹም እኩል መሆን አለበት። በእርሷ ላይ ጠርቶ የታየ በፎቶው ላይም ይጠራል የምንለው በዚህ እምነት ብቻ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አውቶፎከስ ከተስፋፋ ወዲህ የተሠሩት ካሜራዎች ቬትሪኖ የተቀየሰችው በእጅ ፎከስ ለሚያደርግ ሰው አይደለም። ብዙ ገዢ የሚጠቀመው ዲያፍራሙ ኤፍ/4 ወይም ኤፍ/5.6 በሆነ ዙም ስለሆነ፣ መስኮቱ እንዳይጨልምበት ብርሃኑን ሳትበትን የምታሳልፍ ብሩህ ቬትሪኖ ተገጠመለት። ብሩህነቷ ግን ዋጋ አለው። ከሌንሱ ጠርዝ የሚመጣውን ብርሃን በደንብ ስለማታሳይ፣ ሌንሱ ኤፍ/1.4 ቢሆንም እንኳ እርሷ የምታሳየው ከሞላ ጎደል የኤፍ/2.8ን ምስል ነው። በቁጥር ላስረዳ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ የቆመ ሰው ስታነሱ፣ በኤፍ/1.4 ጠርቶ የሚወጣው ጥልቀት ወደ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ነው። በኤፍ/2.8 ግን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቬትሪኖዋ «ሁለቱም ጠርተዋል፣ አንሳ» ትላችኋለች፤ ሴንሰሩ ግማሹን ብቻ ይቀበላል። የልጁ ፊትና የቄሱ ጢም የተለያዩት በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው።

በቃሌ አትመኑ፤ ራሳችሁ ሞክሩት። ሰፊ ሌንስ ያለው ካኖን ካላችሁ ዲያፍራሙን በቅድሚያ የሚያሳየውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከኤፍ/1.4 ወደ 2፣ ከዚያም ወደ 2.8 አዙሩት። በመስኮቱ የሚታየው ምስል እምብዛም ካልጨለመ፣ ከጀርባ ያለው ብዥታም ካልተለወጠ፣ ቬትሪኖዋ ከኤፍ/2.8 በላይ ያለውን እያሳየቻችሁ አይደለም። ጋሼ ይህን በአዳፕተሩ ሌንስ ቀለበቱን ብቻ እያዞሩ ቢሮዬ ውስጥ አዩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ቬትሪኖ ለማዘዝ ከመሮጣችሁ በፊት ግን አንድ ወጪ የሌለው ነገር አለ፤ እርሱም ዓይናችሁ ነው። አርባን የተሻገርን ሁሉ ቅርቡን ለማንበብ ጋዜጣውን እየራቅን እንደያዝን አንካካድም። የካሜራው መስኮት አጠገብ ትንሽ ጎማ መሰል ማስተካከያ ካለ፣ ሌንሱን አውልቃችሁ ወይም ፎከሱን ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ ወደ ነጭ ግድግዳ አነጣጥሩ። የምትመለከቱት ግድግዳውን ሳይሆን በቬትሪኖዋ ላይ የተሳሉትን ምልክቶች ነው። እነርሱ እንደ መርፌ ጫፍ እስኪጠሩ ድረስ ማስተካከያውን አዙሩት። ብዙ ሰው ይህን ወደ መንገድ ወይም ወደ ሰው እያየ ያደርገዋል፤ ያ ስሕተት ነው፤ ዓይን ራሱ እያካካሰ ያታልላል። ኤፍኤም2ን በመሰሉ አሮጌ ካሜራዎች ላይ ማስተካከያ ስለሌለ፣ በመስኮቱ ላይ የሚጠመዘዝ የማረሚያ መስታወት ይገዛል። ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የሆነ መነጽር የምታደርጉ ደግሞ፣ በየትኛው ክፍል እንደምታዩ ካልተጠነቀቃችሁ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ፎከስ ታገኛላችሁ። ከሚመጡልኝ ሰዎች ግማሾቹ እዚህ ላይ ቢቆሙ ይበቃቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የጋሼ ማስተካከያ በእውነትም ተዛብቶ ነበር፤ ሲያስተካክሉት ግን ችግሩ ቀለለ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛው ምርመራ የቬትሪኖዋ አቀማመጥ ነው። ይህንኑ የያዛችሁትን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ላይ አድርጋችሁ በሰያፍ ተመልከቱት። ዲያፍራሙን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፤ በመስኮቱ እያያችሁ ከመካከለኛዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ በጀርባው ስክሪን በኩል፣ ምስሉን 10 ጊዜ አጉልታችሁ፣ በዚያው መስመር ላይ ደግማችሁ አንሱ። ሁለተኛው ጠርቶ የመጀመሪያው ዘወትር ከመስመሩ ወደ ፊት ወይም ዘወትር ወደ ኋላ ከሳተ፣ ቬትሪኖዋ ቦታዋን ለቃለች ማለት ነው። ከሥሯ የሚገቡ ስስ ክፈፎች አሉ፤ ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር አሥረኛ ባነሰ መጠን ስለሚለያይ ሥራው የጠጋኝ ነው። አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ከሳተ ግን አቀማመጧ ደኅና ነው፤ ዓይናችሁ የሚመራበት ነገር አጥቷል ማለት ነው። የጋሼ ዓይነቱ ይህ ነው። ቬትሪኖ መለወጥ የሚጠቅመውም ለዚህኛው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ጋሼ የፈለጉት «ያቺን የድሮዋን፣ መሐሏ የምትሰነጠቀውን» ነበር። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በመካከሏ ያለው ክብ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፎከስ ሲሳት የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ይፋለሳሉ፣ ሲገኝ ይጋጠማሉ። እዚያ ውስጥ ያሉት በተቃራኒ አቅጣጫ የተጋደሙ ሁለት ሽብልቅ መሰል ፕሪዝሞች ናቸው፤ አንዱ ከሌንሱ አንድ ጠርዝ፣ ሌላው ከሌላው ጠርዝ የሚመጣውን ብርሃን ይወስዳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሌንሱ ጠባብ ከሆነ፣ ማለትም ኤፍ/5.6 አካባቢ ሲደርስ፣ ከጠርዝ የሚመጣ ብርሃን ስለማይኖር ከክቡ ግማሹ ይጠቁራል። ዙም ለሚጠቀም ሰው በመስኮቱ መሐል ጥቁር እባጭ ተከለበት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሚያጋጥመው መስመር ይፈልጋል።

መስመሩን በተመለከተ ለእኛ ለሐበሾች የተለየ ነገር አለ። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ደረት ላይ የተሰነጠቀውን ክብ ብታሳርፉ ምንም አታገኙም፤ ነጩ ከነጩ ጋር ሁልጊዜ የተጋጠመ ይመስላል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ግን ከአንገት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ለዚህ ሥራ የተሸመነ እስኪመስል ድረስ ይረዳል። ጥለቱ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ፊት ላይ ብትመልሱት ግን በሰባት ሳንቲ ሜትር ሒሳብ ውስጥ ፊቱን ልትስቱ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ የዓይን ቆብን ጠርዝ ወይም የሹሩባውን መስመር መያዝ ይሻላል። ክፍፍሉ በሰያፍ የሆነ ቬትሪኖ ካገኛችሁ የቆመውንም የተጋደመውንም መስመር ስለሚይዝ እርሱን ምረጡ።

ሁለተኛው ዓይነት ማይክሮፕሪዝም ነው። ጥቃቅን ፒራሚዶች የተነጠፉበት ክብ ወይም ቀለበት ሲሆን፣ ፎከስ ሲሳት ምስሉ እንደ ፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል፣ ሲገኝ ጸጥ ይላል። መስመር አይፈልግም፤ ለጥልፍ፣ ለጸጉርና ለጢም ተስማሚ ነው። በጠባብ ሌንስ ግን እርሱም ይጨልማል። ኒኮን ኬ2 የሚላት፣ ከኤፍኤም2 ጋር የምትመጣው ቬትሪኖ፣ በመሐል የተሰነጠቀውን ክብ፣ በዙሪያው የማይክሮፕሪዝም ቀለበት፣ ከዚያ ውጭ ጭጋጋማውን ሜዳ አጣምራ የያዘች ናት። ጋሼ ለዓመታት ያልሳቱት በእርሷ ምክንያት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚንቀው፣ ምንም ክብ የሌለባት ጭጋጋማ ቬትሪኖ ናት። እኔ እንዲያውም ለሥራ ከሁሉ አብልጬ የምመርጠው እርሷን ነው። ጭጋጓ ደቃቅና ጥልቅ ከሆነ፣ ምስሉ ከብዥታ ወጥቶ ሲጠራ በመላው ሜዳ ላይ ይታያል፤ ፎከስ የምታደርጉበትን ሰው መሐል ላይ ማምጣት ግድ አይሆንም። በክርስትና ላይ ደግሞ ማንም ሰው መሐል ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ካኖን ለ5ዲ ማርክ 2 ኢጂ-ኤስ ብሎ ያወጣት ይህች ናት። መደበኛዋ ኢጂ-ኤ ትባላለች። ኢጂ-ዲ ደግሞ ከመደበኛዋ የምትለየው አግድምና ቁልቁል መስመር ስላለባት ብቻ ነው፤ ሕንፃ ለሚያነሳና አድማሱ ለሚዘምበት ትጠቅማለች እንጂ ፎከስን አታቀልም። ሻጩ ሦስቱንም «ፕሮፌሽናል» ብሎ ቢያቀርብላችሁ ፊደሏን አንብቡ።

ኢጂ-ኤስም ብትሆን ነፃ ስጦታ አይደለችም። ካኖን ራሱ ኤፍ/2.8 ወይም ከዚያ ለሚሰፋ ሌንስ ናት ይላል። በኤፍ/5.6 ዙም መስኮቱ ይጨልማል፣ ነጥብ ነጥብ የሆነ ሻካራነትም ይታያል። እንደ ጋሼ በአዳፕተር ለምትሠሩ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዲያፍራሙ ስታጠቡት ወዲያው ስለሚዘጋ ምስሉም ወዲያው ይጨልማል። ስለዚህ በኤፍ/1.4 ፎከስ አድርጎ፣ የቀለበቱን «ቀጭ» እየቆጠሩ ወደ ኤፍ/2.8 ማጥበብና ማንሳት ያስፈልጋል። ከተለማመዱት ዓይንን ከመስኮቱ ሳያነሱ ይሠራል።

የሁሉም ካሜራ ቬትሪኖ እንደማይለወጥ ደግሞ እወቁ። የኒኮን ኤፍ3 ፕሪዝሙ ከላይ ይነሳና ቬትሪኖዋ ትወጣለች። የኤፍኤም2፣ የኤፍኢ2 እና የኦሊምፐስ ኦኤም-1 በሌንሱ ቀዳዳ በኩል በወረንጦ ትለወጣለች። ከካኖን ኤኢ-1 ፕሮግራም ትለወጣለች፤ ከመጀመሪያው ኤኢ-1 ግን ባለቤቱ አይለውጣትም፤ ሁለቱ በስም ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዲጂታሎቹ በካኖን 5ዲ፣ በ5ዲ ማርክ 2 እና በ6ዲ ትለወጣለች፤ ፊደሎቻቸው ግን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው 5ዲ ኢኢ በሚል የሚጀምሩትን ነው የሚቀበለው። በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3 ይበልጥ አዲስና ውድ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ እንዲለውጣት አልተሠራም። በእጅ ሌንስ የምትሠሩ ከሆነ ርካሹ አሮጌ ካሜራ ከውዱ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ይህ ነው። ሴንሰራቸው ትንሽ የሆነና መስኮታቸው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የጠበበ ካሜራዎች ያሏችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ቬትሪኖ ምስሉን አታተልቅም። ሚረርለስ ያላችሁም ይህ ገጽ አይመለከታችሁም፤ መስታወትም ቬትሪኖም የላችሁም።

«ታዲያ ለ5ዲዬ የተሰነጠቀውን ከሌላ ሠሪ ባስመጣስ?» አሉ ጋሼ። ይቻላል። ከአሮጌ የፊልም ካሜራ ቬትሪኖ እየቆረጡ የሚሸጡ አሉ። ነገር ግን ውፍረቷ ትንሽ ከተለየ ከላይ ያልኳችሁ የክፈፍ ጣጣ ይመጣል፤ ብርሃን ለኪውም ግራ ይጋባል። ብዙ ካሜራዎች ብርሃኑን የሚለኩት ከቬትሪኖዋ በላይ በተቀመጠ ዓይን ስለሆነ፣ ቬትሪኖዋ ስትጨልም «ቦታው ጨለማ ነው» ብለው ፎቶውን ያነጡታል። መሐሉን ብቻ በምትለኩበት ጊዜ የተሰነጠቀው ክብ እዚያው ስለሚያርፍ ስሕተቱ የከፋ ነው። ኤፍ3 የሚለካው ከመስታወቱ በታች ስለሆነ ከዚህ ነፃ ነው። በ5ዲ ማርክ 2 ላይ የካኖንን ኢጂ-ኤስ ካስገባችሁ በኋላ በካስተም ፈንክሽን ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ የትኛዋ ቬትሪኖ እንዳለች መንገር አለባችሁ። ይህን የዘነጋ ሰው ለሳምንት ፎቶው ሁሉ ሲነጣበት ካሜራው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስዳል። ለሌላ ሠሪ ቬትሪኖ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ምርጫ የለም፤ ጥላ ያለበትን አንድ ግድግዳ ከለውጡ በፊትና በኋላ አንስታችሁ ልዩነቱን ራሳችሁ ማካካስ ይኖርባችኋል።

ስትለውጧት ጣታችሁ አይንካት። እኔ በተማሪነቴ በቬትሪኖዬ ላይ አንዲት አቧራ አይቼ በመነጽር ጨርቅ ጠረግኋት፤ ፕላስቲክ ኖሯል፣ ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ። አልኮልማ ጨርሶ ያጠፋታል። በላስቲክ መንፊያ እፍ ማለት ብቻ ነው። እወቁ፤ በቬትሪኖ ላይ ያለ አቧራ በመስኮቱ ይታያል እንጂ በፎቶው ላይ አይወጣም፤ ለእርሱ ጠረጋ የምትከፍሉት ገንዘብ ከንቱ ነው።

አሁን ቃል የገባሁት የሒሳብ ጉዳይ። ጋሼ በፎርፌታሪዮ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ወጪ አንድ በአንድ አይቀነስም፤ መንግሥት ከገቢው የተወሰነውን በመቶኛ ትርፍ ነው ብሎ ይወስናል። ለችርቻሮ 40 በመቶ፣ ለፎቶ አንሺነት 78 በመቶ ነው። እንግዲህ የ2000 ዩሮ ካሜራ ቢገዙም ሆነ የ40 ዩሮ ቬትሪኖ ቢገዙ ታክሱ በአንድ ሳንቲም አይቀንስም፤ በፋቱራው ላይ ያለው 22 በመቶ ኢቫም አይመለስም። ከአንድ ክርስትና 150 ዩሮ የሚተርፍ ቢሆን፣ ካሜራው ያለ ወለድ እንኳ ከ13 ክርስትና በላይ ይበላል። በመደበኛው ሥርዓት ያላችሁ ግን ከ516.46 ዩሮ ያልበለጠ ዕቃ በገዛችሁበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ከወጪ ማግባት ትችላላችሁ። ቁጥሩ አስገራሚ የሆነው የአንድ ሚሊዮን ሊራ ምንዛሪ ስለሆነ ነው፤ ሊራ ሞታ ጥላዋ ቀርቷል።

በፓርቲታ ኢቫ የገዛችሁት ዕቃ የሸማች የሁለት ዓመት ዋስትና እንደሌለው አትርሱ። ጉድለቱን ባገኛችሁ በ8 ቀን ውስጥ ለሻጩ ማሳወቅ አለባችሁ፤ መብቱም ዕቃው ከደረሳችሁ በአንድ ዓመት ያልፋል። ቬትሪኖ ከጃፓን ወይም ከታይዋን የምታስመጡ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትንሹም ዕቃ ቢሆን ኢቫ ይከፈላል፤ አመላላሹም የራሱን ይጨምራል። የእሁድ ገበያ ፖርታ ፖርቴዜ የምትሄዱ ደግሞ ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱን አስወልቃችሁ ቬትሪኖዋን ወደ ብርሃን አይታችሁ፣ የጣት አሻራና ጭረት ካለ ዋጋ አስቀንሱ።

ጋሼ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእሁዱንስ ገቢ ማን ያውቃል?» አሉኝ። መልሴን ለሁላችሁም እደግመዋለሁ። በየሳምንቱ የሚሠራ ሥራ አልፎ አልፎ የሚሠራ ተብሎ አይቆጠርም፤ የፎቶ አንሺነቱ ኮድ በፓርቲታ ኢቫው ላይ መጨመር አለበት። ለፐርሜሶ እድሳት የሚቀርበውም የተገለጸው ገቢ ነው። ሱቁ በቀዘቀዘበት ዓመት፣ ያ የእሁድ ገንዘብ በወረቀት ላይ ቢኖር ኖሮ ብለው የተጸጸቱ ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው አይቻለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ ኮዱን ጨመርንላቸው።

ፕሬቬንቲቮውን ይዘው ሄዱ፤ ፈራሚም አልሆኑም። ኢጂ-ኤስ ከነመያዣዋና ከነሳጥኗ በእጃቸው በገባች ዕለት አብረን ለሙከራ ወጣን። የካስትሮ ፕሬቶሪዮ ጥንታዊ ቅጥር፣ በ23 እ.ኤ.አ. ገደማ በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን የተሠራው የጡብ ግንብ፣ ለፎከስ መሞከሪያ የሚወዳደረው የለም። በሰያፍ ስታዩት ጡቡ ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የትኛው ረድፍ እንደጠራ ወዲያው ይታወቃል። ለኤፍኤም2ዋ የተሰነጠቀች ክብ ደግሞ ወደ ዶጋሊ ሐውልት ወረድን። በ1887 ራስ አሉላ ለጣሏቸው ጣሊያኖች የቆመ ሐውልት ነው፤ የተርሚኒው አደባባይ ቺንኩዌቼንቶ የተባለውም በእነርሱ ስም ነው። የግብፁ ድንጋይ ጠርዝ ቀጥ ያለ ስለሆነ ክቧ ላይ ሲፋለስና ሲገጥም ጥርት ብሎ ይታያል። ጋሼ ካሜራቸውን እንደያዙ፣ «ለዚህም ጠቀመን» ብለው ሳቁ።

በጡቡ ግንብ ላይ በኤፍ/1.4 ካነሷቸው 20 ፎቶዎች 17ቱ ያሰቡት ረድፍ ላይ ወደቁ። በአሮጌዋ ቬትሪኖ በዚያው ቦታ 8ቱ ብቻ ነበሩ። ለሱቁ የፐርሜሶ ፎቶ፣ በፍላሽና በኤፍ/8 በአውቶፎከስ ስለሚያነሱ፣ የትኛዋም ብትሆን ለውጥ አላመጣችም። በዙሙ ግን የሠርግ አጀብ በምሽት ሲያነሱ መስኮቱ ጨለመባቸውና ተማረሩ። ስለዚህ ኢጂ-ኤን ከነሳጥኗ በመሳቢያቸው አኑረዋታል። የምሽት አጀብ ሲኖር ቅዳሜ ማታ ሱቁን ዘግተው፣ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው አቅርበው፣ ይለውጧታል፤ በካስተም ፈንክሽኑም ላይ ይለውጣሉ። ሥራው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ዝርዝሩን መለወጥ ረስተው የሙሽራዋ ቬሎ ነጥቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ በሳጥኑ ክዳን ላይ በቀይ ስክሪብቶ ጽፈውታል።